ላሚቱ ጤነኛ መስላ ወተቷ ሲቀንስ

በአዲስ አበባ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በቢሾፍቱ ሁለትም ሦስትም ዲቃላ ላም አስረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። ወተት ሲቀንስ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መኖውን ነውና ፍሩሽካና ፋጉሎ እንጨምራለን። በእርግጥ መኖ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሳይታይ ወተት የሚቀንስ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም የግት በሽታ ነው።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ግቷ ያብጣል፣ ይግላል፣ ስትነካ ትራገጣለች፣ ወተቱም ይጓጉላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። አስቸጋሪው ድብቁ ነው። ላሚቱ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ወተቱም ነጭ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን ተህዋሲያን ወተት የሚሠራውን አካል እየጎዱት ነው። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ምርመራ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ከአራቱም ጡቶች ጥቂት ጥቂት ወተት ለየብቻ ወስዶ መመርመሪያ ፈሳሽ ሲጨምርበት፣ የታመመው ጡት ወተት እንደ ተልባ ይዝለገለጋል።

ተህዋሲያኑ በአመዛኙ የሚመጡት ከመኝታዋና ከአላቢው እጅ ነው። ላም ከቀንና ሌሊቱ ግማሽ ያህሉን ተኝታ ስለምታሳልፍ ግቷ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ ወለሉ ሽንት እንዳያቁር ወደ ቦዩ ዘንበል ይበል፣ አዛባው በየቀኑ ይጠረግ፣ ደረቅ ጭድ ይነጠፍላት። ብርድ ፈርቶ በረቱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም አይበጅም። ጠዋት በሩን ስንከፍት ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ እርሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሰው አድራለች ማለት ነው። ለነገሩ የፈረንጅ ደም ያላቸውን ላሞች ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ነው የሚያስቸግራቸው።

አላቢው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጡቱንም አጥቦ በደረቅ ጨርቅ ያድርቅ። በአንድ ጨርቅ ሁሉንም ላሞች መጥረግ በሽታውን ማዳረስ ነው። የመጀመሪያዋን ወተት ጥቁር ነገር ላይ አልቦ ማየት፣ የታመመችውንም መጨረሻ ማለብ ይገባል። ታልባ ስታበቃ የጡቶቿ ጫፍ አዮዲን ባለበት መድኃኒት ይነከር። የጡት ቀዳዳ ከታለበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይዘጋ ስለሚቆይ፣ መኖዋን ያን ጊዜ ብንሰጣት ቆማ ትበላለች፤ ይህ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሕክምናው የሐኪም ነው። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ሐኪሙን እንጠይቅ። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት አያስወግደውም። የቀናት ወተት መድፋት እንደሚያንገበግብ እናውቃለን፤ ነገር ግን ደብቆ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው፣ የሚጠጣውም የጎረቤት ሕፃን ነው።

ከመውለዷ ሁለት ወር በፊትም ትንጠፍ። እስከ መጨረሻው የሚያልቧት አሉ፤ ግቷ ካላረፈ ግን በሚቀጥለው ወሊድ ወተቷ ያንሳል። ድብቁን በሽታ ለማከም የተሻለው ጊዜም ይኸው የምትነጥፍበት ወቅት ነው።

ላም ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ሻጩ የነገራችሁን ሊትር ብቻ አትመኑ። አራቱም ጡቶች ለየብቻ ታልበው ይታዩ፤ ቢቻል ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ።