የድመት የኋላ እግር ጡንቻዎችና የአማርኛ ስያሜያቸው

የድመት የኋላ እግር የሥነ አካል ተማሪዎች ጡንቻን ከጡንቻ መለየት ከሚለማመዱባቸው ክፍሎች አንዱ ነው። እንስሳዪቱ ለገበታ የምትመች መጠን አላት፤ የጡንቻዎቿም አደራደር በብዙው ከሰው ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ የተነሣ ጡንቻዎቿ የሚጠሩት በአብዛኛው ለሰው አካል በወጡ የላቲን ስሞች ነው። እነዚህን ስሞች ወደ አማርኛ ለመመለስ በተነሣን ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን፣ የላቲኑን ቃል ፍቺ ፈልገን አቻ ስናወጣ ቆየን። ዝርዝሩን ይዘን ከአንድ ቤተ ሙከራ ገበታ አጠገብ ስንቆም ግን ካወጣናቸው ስሞች ብዙዎቹ ከፊታችን ያለውን አካል የማይገልጹ ሆነው አገኘናቸው።

በቅድሚያ ስለ ሥራው ስም ጥቂት እንበል። አማርኛ «ብልት ማውጣት» የሚል የታወቀ አነጋገር አለው። ዶሮን በዐሥራ ሁለት ብልት የምታወጣ ባለሙያ ቢላዋዋን የምታሳርፈው መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ ካገኘች በኋላ ነው። ተማሪውም ቆዳውን ይገፍፋል፤ ስቡንና ገለፈቱን ያነሣል፤ ቀጥሎም የጡንቻውን ክሮች አቅጣጫ እየተከተለ በዱልዱም መሣሪያ ይለያል። የክሮቹ አቅጣጫ የሚለወጥበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የሁለት ጡንቻዎች ድንበር ነው። ስለዚህ ቃሉ ለዚህ ሥራ ቢወሰድ እንደግፋለን። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ታፋ የመሳሰሉት የሥጋ ቤት ስሞች ግን ቢላዋ የወሰናቸው ናቸው። በአንድ ታፋ ውስጥ ብዙ ጡንቻ ስለሚገኝ ለአካባቢ መጠሪያ እንጂ ለነጠላ ጡንቻ ስም አይሆኑም።

ከጭኑ በስተውጭ ዐይን የሚይዘው ሰፊ ጡንቻ ባይሴፕስ ፌሞሪስ ይባላል። «ባለ ሁለት ራስ የጭን ጡንቻ» ማለት ነው። ለሰው ስሙ የተገባ ነው፤ አንደኛው ራስ ከመቀመጫ አጥንት፣ ሁለተኛው ከጭን አጥንት ይነሣልና። የድመቷ ግን ከመቀመጫ አጥንት የሚነሣ አንድ ራስ ብቻ አለው። በአማርኛው ስም የሚመራ ተማሪ የሌለውን ራስ ሲፈልግ ከሥሩ የሚያገኘው እንደ ጥብጣብ የቀጠነውን ቴኑይሲመስን ነው። ይህ ጡንቻ ከገለፈቱ ጋር ሳይታወቅ ይቈረጣል፤ በአጠገቡ ከሚያልፈው ትልቁ የእግር ነርቭ ጋርም ይምታታል። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ የእኛው ልማድ ነው። በተለመደው አነጋገር «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ነርቩንም ሊያጠቃልል ይችላል፤ «ሥር»ም ለደም መተላለፊያም ለነርቭም ይነገራል። ነጫጭና ረጃጅም ነገሮች ተጠጋግተው በሚገኙበት ቦታ እንዲህ ያለ ልቅነት አደገኛ ነው። ስለዚህ «ነርቭ» የሚለውን የውጭ ቃል ተቀብለን «ጅማት»ን ለጡንቻ ማያያዣ ብቻ ለይተነዋል። ባዕድ ቃል የማይወድ ባልደረባችን ቅር እንደሚለው እናውቃለን። ለሰፊው ጡንቻ «ውጫዊ የጭን ጡንቻ» የሚለውን መርጠን የላቲኑን ስም በፊደላችን ከጎኑ አኑረናል።

ግሉቲየስ ማክሲመስም እንዲሁ ነው። በሰው ዘንድ ከመቀመጫ ጡንቻዎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ሲሆን፣ በድመት ግን «መካከለኛ» የተባለው ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የቤት እንስሳት ሥነ አካል ዓለም አቀፍ የስም ዝርዝር ይህንኑ ጡንቻ በመጠኑ ሳይሆን በቦታው፣ «ላይኛው» ብሎ ይጠራዋል፤ እኛም ይህንኑ ተከትለናል። ሳርቶሪየስን «የልብስ ሰፊ ጡንቻ» ማለት እግሩን አጣምሮ የሚቀመጥ የአውሮፓ ልብስ ሰፊን ለማያውቅ አንባቢ ትርጉም አይሰጥም። በድመቷ ውስጠኛ ጭን ላይ የፊተኛውን ግማሽ የሚሸፍን ሰፊ ጡንቻ መሆኑን መናገሩ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከስሞች ይልቅ ያሳሰበን አንድ የሥራ መመሪያ ነው። ከሥር ያለውን ለማየት የላይኛውን ጡንቻ መሐል ለመሐል ቈርጦ ሁለቱን ወገን ወደየጫፋቸው መገልበጥ ያስፈልጋል። የውጭ መጻሕፍት የጡንቻውን ወፍራም መሐል «ሆድ» ይሉታል። ከቀረቡልን ረቂቆች በአንዱ ዐረፍተ ነገሩ «ሆዱን ቍረጥ» ተብሎ ተመልሷል! አንባቢው ጭኑን ትቶ ወደ ድመቷ ሆድ ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። አማርኛ የነገርን መሐል «ወገብ» ማለት ያውቃል፤ «ጡንቻውን ከወገቡ ላይ ቍረጥ» ቢባል የሚሳሳት የለም። ለሁለቱ ጫፎች «መነሻ»ና «መድረሻ» ተስማምተንባቸዋል።

ከጉልበት በታች «ባት» የሚለው ቃላችን በቂ ነው፤ የባት ጡንቻ በድመትም በእርግጥ ሁለት ራስ አለው። አከራካሪው ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ነው። አንዳንዶች «ቋንጃ» ይበቃዋል አሉ። ስለ ሰው ሲነገር ግን ቋንጃ የሚባለው ከጉልበት በስተኋላ ያለው ነው። ድመት፣ ልክ እንደ ውሻ፣ በጣቶቿ ስለምትራመድ ተረከዟ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያላስተዋለ ሰው ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት ይመስለዋል። «የከብት ቋንጃ» የሚሉ ሰዎች የትኛውን መገጣጠሚያ እንደሚያስቡ ጠይቀን ሁለቱንም መልስ አግኝተናል። ስለዚህ በዝርዝራችን «የተረከዝ ጅማት» ገብቷል፤ «ቋንጃ» በሁለቱም ፍቺዎቹ ከነምሳሌው በመዝገበ ቃላቱ ብቻ እንዲሰፍር ሆኗል።