በኋላ ወንበር የሚቀመጡ

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው ከልደታ ኮንዶሚኒየም ስልክ ይደወልልኛል። ደዋዩ ስለ ራሱ እምብዛም አያወራም። «ቅዳሴ በስንት ሰዓት ነው?» ይላል፤ አለዚያም ልጁን ክርስትና ማስነሣት እንደሚፈልግ ይነግረኛል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካቴኪስት ነኝና እንዲህ ያለውን ስልክ ለምጄዋለሁ። ሰውየው ሊጠይቀኝ የፈለገው ሌላ ነው፤ ዓመታት ጠፍቻለሁ፣ ብመጣ ምን ትሉኛላችሁ ነው።

በጾም የሚደውሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር ጾም አይደበቅም። የብሎኩ ነዋሪ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ደረጃው ሽሮና ምስር ይሸታል፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች «አንቺስ አትጾሚም እንዴ?» ብለው በቅንነት ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጾሙንም ትንሣኤንም በአገሩ ዘመን አቆጣጠር ስለምታከብር፣ ካቶሊኩ «የእኛ በሌላ ጊዜ ነው» ብሎ ማለፍ እንኳ አይችልም። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እየተባለ ሳምንቱ በሩን ያንኳኳል። እኔ ይህን እንደ ጸጋ አየዋለሁ።

የጠፉት ሰዎች ብዙዎቹ እምነታቸውን የተዉ አይደሉም። ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ በከተማ መካከል መጥፋት ቀላል ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። በአዲግራት፣ በእምድብር፣ በሆሳዕና ወይም በወላይታ ያደገ ሰው አያቱን የሚያውቅ ቁምስና ነበረው። እዚህ ግን በዕጣ የደረሰው ወይም የተከራየው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ካቶሊክ መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት የለም። የድሮው የልደታ መንደር ሲፈርስም ነባሩ ሰው ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። መንገድ ልጠይቅ ቢል እንኳ «ልደታ» ሲል የሚጠቁሙት የሰፈሩን የኦርቶዶክስ ደብር ነው፤ የእኛ የልደታ ማርያም ካቴድራል ያለው ወደ ፒያሳ ነው። አንድ እሑድ ይቀራል፣ ከዚያ ገና ያልፋል፣ ከዚያ ትንሣኤ። እፍረቱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስቀረውም እሱ ነው።

ስለዚህ በር ላይ ቆመው ለሚቀበሉ አገልጋዮች አጥብቄ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ «ጠፋህ እኮ!» አትበሉ። በሌላ ጊዜ የናፍቆት ሰላምታ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደጁን ለረገጠ ሰው ግን ክስ ይሆንበታል። እንኳን ደህና መጣህ ይበቃል፤ የልጆች ትምህርት የት እንደሆነ ማሳየት ይበቃል። በኋላ ወንበር መቀመጥ ከፈለገ ይቀመጥ፤ እጁን ይዞ ወደ ፊት መጎተት አያስፈልግም። የጾሙ ሰባተኛ እሑድ የተሰየመለት ኒቆዲሞስ የመጣው በሌሊት ነው፤ ጌታ ግን በቀን ተመለስ አላለውም፤ በመጣበት ሰዓት አስተማረው። ያ በጨለማ የመጣ ሰው ነው በኋላ ከርቤና እሬት ይዞ ለቀብሩ በግልጽ የቆመው።

ከእፍረቱ ቀጥሎ የሚመጣው የጋብቻ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰዓት የምንነጋገረውም በዚሁ ላይ ነው። ኦርቶዶክስ ያገባች አንዲት እኅት «እኔ እኮ ተቆርጫለሁ» ብላ ስታለቅስ መስማት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተቆረጠችም። ጋብቻዋ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በካህን ቡራኬ የተፈጸመ ከሆነ፣ የእኛም ቀኖና ጽኑ ጋብቻ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ለእሷ የሚቀራት ከካህኑ ጋር መነጋገርና ንስሐ ነው። በማዘጋጃ ቤት ብቻ ተፈራርመው ከሆነ፣ የሚከለክል ሌላ ነገር ከሌለ፣ በጳጳሱ ፈቃድ፣ በካህንና በሁለት ምስክሮች ፊት ይስተካከላል። ድግስ የለበትም፤ ሽማግሌም አይላክም። ቀድሞ የፈረሰ ጋብቻ ካለ ነገሩ ይከብዳል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያም ቢሆን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥርዓቱን አቅልለውታል፤ ጋብቻው ከመጀመሪያው አልጸናም ለማለት ሁለት ተመሳሳይ ፍርዶች ያስፈልጉ የነበረው ቀርቷል። ሁሉም ጉዳይ ይፈታል ብዬ ለማንም ቃል አልገባም። ያልተፈታለትም ሰው ግን ቅዳሴ ይመጣል፣ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ልጆቹን ያስተምራል። ይህን ሳይነገራቸው ስንት ዓመት ቤታቸው የተቀመጡ አሉ!

በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እንደገና የተጠመቁም ይመጣሉ። እኛ ዳግመኛ አናጠምቅም፤ የመጀመሪያው ጥምቀት አለ። የሚፈለገው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም ከተጠመቁበት ቁምስና መዝገብ ይወጣል። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ የትግራይ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ለአዲግራትና ለኢሮብ ልጆች ይህ እንኳ ጭንቅ ነበር። ወረቀቱ እስኪገኝ ድረስ ሰውየውን በር ላይ ማቆም ግን ተገቢ አይደለም።

ስለ ኑዛዜ ደግሞ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር እከራከራለሁ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ምእመናን ደጋግመው፣ ይልቁንም በጾም ወራት፣ ምሥጢረ ንስሐን እንዲቀበሉ ይመክራል። እኛ ግን ሰዉን ሁሉ በሰሙነ ሕማማት እናሰልፋለን። አሥር ዓመት የቆየ ሰው ግማሽ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ረጅም ሰልፍ ከኋላው ቆሞ እንዴት ይናዘዛል? የጸሎቱን ቃል ረስቶ ይሆናል፤ ካህኑ ሊያስታውሰው ይገባል። ዓርብ ማታ ከፍኖተ መስቀል በኋላ፣ ሠራተኛው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ አባ ለማናዘዝ ቢቀመጡ ይሻላል። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2014 በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ሌሎችን ከማናዘዛቸው በፊት ራሳቸው በሁሉ ፊት ሄደው በአንድ ካህን ፊት ተንበርክከው ተናዘዙ። የሚያፍር ሰው ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ትልቁ ጉድለታችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ጾሙ ሲፈታ ደዋይም ተደዋይም ይቀንሳል፤ ጎረቤት ሥጋ ይገዛል፣ የጾሙ ማሳሰቢያ ያበቃል። ስለዚህ አሁን የምንጥረው ለእያንዳንዱ ተመላሽ በዚያው ብሎክ ወይም በአጠገቡ ባለው ብሎክ የሚኖር ካቶሊክ ቤተሰብ ለማገናኘት ነው፤ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ጠዋት በሩን አንኳክቶ አብሮት ታክሲ የሚይዝ።