የሕዋስ ደጃፍና የጡት ነቀርሳ

በጡቷ ውስጥ እብጠት ያገኘች እመቤት ሐኪሟን አስቀድማ የምትጠይቀው «ነቀርሳ ነውን?» ብላ ነው። መልሱ «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ ግን «የትኛው ዓይነት?» የሚለው ጥያቄ መከተል ይገባዋል፤ የጡት ነቀርሳ በስም አንድ ይሁን እንጂ በጠባዩ ልዩ ልዩ ነውና።

የሰውነታችን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የቆሙት ፕሮቲኖች ሥራቸው የእልፍኝ አስከልካይን ይመስላል፤ ከውጭ የመጣውን መልእክት ተቀብለው በውስጥ ላሉት ፕሮቲኖች ያስተላልፋሉ፤ እነዚያም ተቀባብለው ለሕዋሱ አስኳል ያደርሱታል። መልእክቱ «ተባዛ» የሚል ከሆነ ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል፤ መልእክቱ ሲቆም መከፈሉም ይቆማል።

ከነዚህ አስከልካዮች አንዱ ሄር-ቱ ይባላል። ጤነኛ ሕዋስ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ሁለት ቅጂ ብቻ አለው። በአንዳንድ ነቀርሳ ግን ቅጂው ያለ ልክ ይበዛል፤ አስከልካዮቹም ደጃፉን ሞልተው እየተጋፉ እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ። ያን ጊዜ ከውጭ ማንም ሳይልክ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ሳያቋርጡ ወደ ውስጥ ይሰዳሉ።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ የሚሠሩት ዶክተር ዴኒስ ስላሞንና ጓደኞቻቸው 189 የጡት ነቀርሳዎችን መርምረው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ባወጡት ጽሑፍ ጂኑ ከመቶ 30 በሚሆኑት በዝቶ መገኘቱን ገለጡ። ዛሬ ከመቶ ከ15 እስከ 20 ይገመታል። ጂኑ የበዛባቸው ሴቶች ሕመሙ ፈጥኖ ይመለስባቸው ነበር። ወሬው ክፉ ነበር፤ ቢሆንም ለመድኃኒት ሠሪዎች የሚያነጣጥሩበትን ስፍራ አሳያቸው። ጄኔንቴክ የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ሄርሴፕቲን በሄር-ቱ ላይ ተጣብቆ ትእዛዙን የሚገታ መድኃኒት ሲሆን፣ በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2015 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ከአስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ አገባው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚረዳው ሄር-ቱ የበዛባቸውን ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ሳይጠቅም ልብን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው ከእብጠቱ ተቆርጦ በሚመረመረው ቅንጣት ሥጋ ነው። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ምርመራው ደግሞ ከማይክሮስኮፕ በፊት ይጀምራል፤ የተቆረጠው ሥጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ፎርማሊን ውስጥ ሊገባ፣ በዚያም ከ6 ሰዓት ሳያንስ፣ ከ72 ሰዓትም ሳይበልጥ ሊቆይ ይገባዋል። በደረቅ ብልቃጥ ውሎ ያደረ ሥጋ የአስከልካዮቹን ብዛት በትክክል አያሳይም።