ሸክሙን የሚያውቅ አሠልጣኝ

የሸክም ሥልጠና ሲነሣ ለብዙ ሰው የሚታየው አንድ ሥዕል ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ ካርቶን የሚያነሣ ሰው። ሥዕሉ ውሸት የለበትም። ወገብን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ከአከርካሪው የሚርቁት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ከሆድ በራቀ ቁጥር ትግሉ ይብስባቸዋል። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ ልዩነቱን በቁጥር ያሳያል፤ አንድ ወንድ በወገቡ ከፍታ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ለሚይዘው ዕቃ 25 ኪሎን መነሻ ሲያደርግ፣ ያው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ከመሬት ለሚያነሣው ግን 5 ኪሎ ይላል።

ይሁን እንጂ ሥዕሉን ማስተማር ብቻውን ወገብ አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የጤና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ፣ ስለ ሸክም አያያዝ መምከርና ማሠልጠን፣ የማንሻ መሣሪያ ቢታከልበትም ባይታከልበትም፣ የወገብ ሕመምን ሲከላከል አልተገኘም ይላል። ታዲያ ሥልጠናው ለምን? የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት ትምህርቱ የሚከሽፈው የሠራተኛውን አጎነባበስ ሊያርም ተነሥቶ ሸክሙን እንደነበረ ስለሚተወው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የብሪታንያ የሸክም ሥራ ደንብ አሠሪውን የሚያዝዘው አደገኛውን ሸክም በተቻለ መጠን እንዲያስቀር፣ የማይቀረውን እንዲመረምር፣ ከዚያም አደጋውን እንዲቀንስ ነው። ድርጅት በራሱ ሰው የሚሰጠው ሥልጠና የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሲሚንቶ መጋዘን እንውሰድ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ የታችኛው ረድፍ መሬት ላይ ተኝቷል፣ የላይኛው ከራስ በላይ ነው። ጋሪ አለ፤ ግን መንኮራኩሩ የበሩ ደፍ ላይ ስለሚይዝ ሁሉም ከረጢቱን በትከሻው ይሸከማል። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ባዶ ካርቶን እያነሣ የሚያሳይ እንግዳ አሠልጣኝ ይህን ደፍ አያየውም። የመጋዘኑ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ትምህርቱንም ደፉን በማስተካከል፣ ከረጢቱን ርብራብ ላይ በማስቀመጥ፣ ቁልሉን በማሳጠር ሊጀምር ይችላል።

የውጭ ባለሙያ ስለ አካልና ስለ ሕግ የተሻለ ያውቃል ቢባል እውነት ነው፤ እሱ የውስጡን አሠልጣኝ ያሠልጥን። የአለቃው ሰው አለቃውን አይናገርም የሚለው ሥጋት ግን ይከብዳል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያልተሰጠው የውስጥ አሠልጣኝ የፊርማ ወረቀት ሰብሳቢ ከመሆን አያልፍም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ እኛ አገር ብዙው ጫኝና አውራጅ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ አለመሆኑ ነው፤ ሒሳቡ በኩንታል ነው፣ መዘግየት ከኪሱ ይቀንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደጋ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሥልጠናው የቀን ሠራተኛውን በር ላይ ትቶ ከገባ ግን ከባዱን ሸክም የሚሸከመውን ሰው ትቷል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ እንዲሸከም የሚፈቀደው ከ55 ኪሎ የሚበልጥባቸው አገሮች በፍጥነት ወደዚያ እንዲያወርዱት ጠይቋል። እኛ ዘንድ እህል ዛሬም የሚጫነው በኩንታል ነው፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው።