የበጋ ተራራ ጉዞና የማታው ገበታ

«ክረምት» የሚለው ቃል ብዙ አንባቢዎችን ያሳስታል። በአውሮጳ መጻሕፍት ውስጥ ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፍበት፣ ሐይቅ ወደ በረዶነት የሚለወጥበት ወራት ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ክረምት» ይባላል። የነቀምቴ ተማሪ ይህን ሲያነብ ግን በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ሐምሌ ነው፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ የሞላው ወንዝ። በእውነቱ አውሮጳ በብርድ የምትያዝባቸው ታኅሣሥና ጥር ለእኛ በጋ ናቸው። ስለዚህ «የክረምት ተራራ ጉዞ» የሚል ርእስ ስታገኙ አስቀድማችሁ የማን ክረምት እንደ ሆነ ጠይቁ።

ይህ ልዩነት በወለጋ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በነቀምቴ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። በእነዚያ ወራት ተራራ የሚወጣ ሰው አቀበቱ ያንሸራትተዋል፤ ጉሙ መንገዱን ይሰውርበታል፤ ጠዋት በእግሩ የተሻገረው ጅረት ማታ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ተራራ መውጣት የሚገባው እንግዲህ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሆኖም በጋው የራሱ ብርድ አለው። ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር ቀን የተቀበለችው ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የቀዘቀዘው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ቀትር ላይ ፀሐይ ያቃጠለው መንገደኛ በማግስቱ ማለዳ በብርድ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በወለጋ ስለ ተራራ ሲነሣ ቀድሞ ከሚጠሩት አንዱ ቱሉ ወለል ነው። የሚገኘው በቄለም ወለጋ፣ በደምቢ ዶሎ አካባቢ ሲሆን ከፍታው 3,300 ሜትር ያህል ነው። (በአፋን ኦሮሞ «ቱሉ» ማለት ራሱ ተራራ ማለት ስለ ሆነ «የቱሉ ወለል ተራራ» ብሎ መጻፍ ተራራን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው፤ በድርሰታችሁ ተጠንቀቁ።) ከነቀምቴ የሚነሣ ሰው ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ፣ እንደገና ወደ ግምቢ ወጥቶ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ረዥም መንገድ ስለሚጓዝ ጉዞው በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከደምቢ ዶሎ እስከ ቱሉ ወለል አናት ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ግድም ስለ ሆነ፣ ከታች 22 ዲግሪ ቢሆን ከላይ 12 ዲግሪ ያህል መሆኑ ነው። ነፋስና በላብ የራሰ ልብስ ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚያም በታች ሆኖ ይሰማል። ጋቢ ወይም ሹራብ ይዞ መውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከብርዱ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ግን ሰዓቱን ነው። በታኅሣሥ በነቀምቴ የቀኑ ርዝመት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ ይላል። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 1,200 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ እንግዲህ ለመውጣት ብቻ አራት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ለብርቱ እግርና ያለ ዕረፍት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ቡድን ከዕረፍቱ ጋር 6 ሰዓት ላይ አናቱ ቢደርስ መልካም ነው። ባይደርስም 7 ሰዓት ሲሆን ፊቱን ወደ ታች ማዞር አለበት፤ ይህም ከመነሣት በፊት ሁሉም የሚስማሙበት ውል ይሁን። አናቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቀርቶት ሲታይ መመለስን የሚመክር ሰው ስለማይገኝ፣ ውሉ ከቤት ካልተያዘ ተራራው ላይ አይያዝም።

ደካማውን ጓደኛ ከፊት አስቀድሙት። ብርቱዎቹ ከፊት ሲሆኑ ራቅ ብለው ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ እሱ እያለከለከ ሲደርስ እነሱ ዐርፈው ይነሣሉ፤ እሱ ግን ሳያርፍ ይቀጥላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘውም አብሮት የሚወርድ ሰው መድቡ እንጂ ብቻውን አትስደዱት።

ለስንቅ የሚሆን ነገር ከአገራችን ሞልቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ጄምስ ብሩስ፣ የኦሮሞ መንገደኞች ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው እንደ ድቡልቡል ኳስ እየያዙ ይጓዙ እንደ ነበር ጽፏል። ቅቤው ለጡንቻ ማገዶ ነው፤ ቡናው ደግሞ ያነቃል። ውሃ ግን በስንቅ አይተካም። በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ብቻ አትዘንጉት።

ከተራራው ወርደው ከወዳጅ ጋር በምድጃ ዙሪያ ሲቀመጡ «ብርዱን ያስለቅቃል» ተብሎ ጠጅ ወይም አረቄ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። መጠጡ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ፊት ይሞቃል፤ የውስጡ ሙቀት ግን ወደ ውጭ ይባክናል። ብርድ የገባው ሰው እንግዲህ የሚሞቅ እየመሰለው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለእናንተ ዕድሜ የሚስማማው ገና ያልፈላ የማር ብርዝ ነው፤ የወጣውን ውሃም የጠፋውን ጉልበትም አብሮ ይመልሳል።

ለገበታው የወለጋን ጩምቦ ከቅቤና ከእርጎ ጋር ማቅረብ ይቻላል፤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አንጮቴ ነው። ይህ ከዱባና ከቅል ወገን የሆነ ሐረግ ሥሩ ይበላል። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። የአገሩ ሰው አጥንት ለተሰበረ ሰው ያበላዋል፤ ካልሲየም የበዛበት መሆኑም ታውቋል። አንድ ችግር አለው፤ ቶሎ አይበስልም። በነቀምቴ ከፍታ፣ ማለትም በ2,100 ሜትር ግድም፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ቤት የቀረው ጓደኛ ተጓዦቹ ከበር ሲደርሱ ሳይሆን ገና ቁልቁለቱን በጀመሩበት ሰዓት ድስቱን ይጣድ።