የፖምና የዱባ ባርቤኪው ሶስ

አሜሪካ ውስጥ የባርቤኪው ሶስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ከአቼቶ፣ ከጨውና ከተፈጨ ቃሪያ የሚሠራ ቀጭን ፈሳሽ ነው። በደቡብ ካሮላይና ከጀርመን ሰፋሪዎች በመጣ ልማድ ሰናፍጭ ይገባበታል። የሰሜን አላባማ ሰዎች ደግሞ ዶሮን የሚያቀርቡት ከማዮኔዝና ከአቼቶ በተቀላቀለ ነጭ ሶስ ነው። በየሱፐርማርኬቱ በጠርሙስ የምናገኘው ቀይ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ሶስ የካንሳስ ሲቲ ዓይነት ይባላል። ሪች ዴቪስ የተባለ የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ያወጣው ሶስ ይህንን ዓይነት በመላው አገሪቱ እንዲለመድ ብዙ ረድቷል።

እዚህ የማስተዋውቃችሁ ሶስ የካንሳስ ሲቲው ዘመድ ነው፤ ጣፋጭነቱን የሚያገኘው ግን በዋናነት ከወቅቱ አዝመራ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍ፣ ከቨርጂኒያ እስከ ኒው ኢንግላንድ ያሉ የፖም እርሻዎች ለቀማ ላይ ናቸው፤ ዱባም በየመንገዱ ዳር ይከመራል። እርሻዎቹ በዚህ ጊዜ ሳይደር ይሸጣሉ። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጠው መጠጥ አልኮል አለበት፤ የአሜሪካው ግን ያልተጣራ፣ ደፍረስ ያለ ትኩስ የፖም ጭማቂ ነው።

የሶሱ ዋና ነገር ይህ ጭማቂ ነው። 2 ኩባያ ሳይደር በሰፊ ድስት ሳይከደን ይጣዳል፤ ግማሽ ኩባያ እስኪቀረው ይንተከተካል። ውኃው በተነነ መጠን ስኳሩም ኮምጣጣነቱም እየበረታ ይሄዳል። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን በፖም ውስጥ ስላለ ፈሳሹ ወፈር ይላል። የኒው ኢንግላንድ ገበሬዎች ጥንት ሳይደርን ከሰባት አንድ እጅ እስኪቀር አፍልተው፣ ማር ሲመስል ለክረምት ያስቀምጡት ነበር። ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም፤ ያልተነነ ጭማቂ የሚያተርፈው ሶሱን ማቅጠን ብቻ ነው።

ቁሌቱን ማንም አበሻ ያውቀዋል። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እስኪለሰልስ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ቅመሙ የሚገባው እዚህ ላይ፣ ፈሳሽ ከመጨመሩ በፊት ነው፤ የቀረፋና የቅርንፉድ መዓዛ ከውኃ ይልቅ በዘይት በደንብ ይወጣልና። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቁንጥር ቅርንፉድና ቁንጥር ገውዝ ይበቃሉ። እነዚህ አሜሪካኖች የዱባ ፓይ የሚያጣፍጡባቸው ቅመሞች ናቸው፤ ሲበዙ ሥጋው ኬክ ኬክ ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በቅመም ብዛት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ብትጨምሩበት ግን ያምርበታል፤ በርበሬያችሁ ቅርንፉድ ካለው ሌላ ቅርንፉድ አያስፈልግም።

ከዚያ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ፣ ግማሽ ኩባያ የቲማቲም ድልህ፣ የተነነው ሳይደር፣ ሩብ ኩባያ የፖም አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭና ጨው ይገባሉ። ኬቻፕ ራሱ ስኳር ስላለበት ድልሁን እመርጣለሁ። ከዱባው ብዙ ጣዕም አትጠብቁ፤ ሥራው ሶሱ እንዳይንጠባጠብና ሥጋው ላይ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በዝግተኛ እሳት 30 ደቂቃ ያህል እየተማሰለ ይበስላል። ከወፈረ ጠብታ ውኃ፣ ከጣፈጠ ትንሽ አቼቶ ያስተካክለዋል።

ሶሱ ሥጋ ላይ የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው። ፖም ውስጥ በብዛት ያለው ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር ሲሆን፣ ይህ ስኳር በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መጥቆር ይጀምራል፤ ተራው ስኳር ግን እስከ 160 ገደማ ይታገሣል። ስለዚህ ዶሮውም ሆነ የጎን አጥንቱ ሊወርድ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሲቀረው ይቀባል። ቀድሞ ከተቀባ ከሰሉ ላይ አርሮ ይመርራል።

የፖሙ ወቅት ጾመ ጽጌ ከሚጾምበት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ካለው ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ አሜሪካኖች የቱርክ ዶሮ የሚበሉበት የምስጋና ቀንም በአብዛኞቹ ዓመታት ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር ይገናኛል። ይህ ሶስ ቅቤም ሥጋም የለውም፤ በተጠበሰ አበባ ጎመንና በእንጉዳይ ላይ ግሩም ነው። ተገዝቶ የሚመጣውን ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ውስጥ የሚገባው ዎስተርሻየር ሶስ የሚሠራው ከአንቾቪ ዓሣ ነው።

ሶሱ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ወራት ይቆያል። በጠርሙስ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። የተፈጨ ዱባ ኮምጣጣነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ወፍራም ስለሆነም ሙቀት እስከ መሐሉ እኩል አይደርሰውም። ገዳይ የሆነውን የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ይራባል፤ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም የተፈጨ ዱባ ቤት ውስጥ እንዳይታሸግ ይመክራል። ለወዳጅ ስትሰጡም ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጠው ንገሩት።