ወቅትን መሣል፤ ከቻይና ጸደይ እስከ አስኮ መስከረም

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የአዲስ አበባው አስኮ ሰፈር ልጆች ወረቀትና ከለር ይዘው አደይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ይሥላሉ። በማግስቱ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ለጎረቤት እያደሉ የአውዳመት ስጦታ ይቀበላሉ፤ ሴቶቹ አደይና እንግጫ ይዘው «አበባየሆሽ» ይላሉ። ይህ ልማድ የወቅት ሥዕል ባህል ነው። ወቅትን ከሚሥሉ የዓለም ባህሎች መካከል ከታላላቆቹ አንዱ ከሆነው ከቻይና የጸደይ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን ቢታይ፣ የሠዓሊውን መስመርና ቀለም የአካባቢው አየር እንዴት እንደሚወስን በግልጽ ያሳያል።

የቻይና ጸደይ

ቻይናውያን የፀሐይን ጉዞ ተከትለው ዓመቱን በ24 ይከፍሉታል፤ ዩኔስኮም ይህን ዕውቀት በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ጸደያቸው የሚገባው በእኛ ጥር 27 ገደማ፣ የሚወጣው ሚያዝያ 27 ገደማ ነው። ነፍሳት ከጉድጓዳቸው የሚነቁበት፣ ሰማይ የሚጠራበት፣ ለእህል የሚሆን ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ሰማይ የሚጠራበት ቀን መጋቢት 26 ገደማ ይውላል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ዘመነ ጸደይ የሚብተው መጋቢት 26 ነው።

በቻይና ጸደይ ከሳይቤሪያ የሚወርደው ደረቅ ብርድ እየደከመ፣ ከደቡብ እርጥብና ሞቃት አየር ይገፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጉምና ካፊያ ይሆናል። ቻይናዊው ሠዓሊ ጉዎ ሺ በ1072 እ.ኤ.አ. ሐር ላይ የሣለውና ዛሬ በታይፔ ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘው «የጸደይ መባቻ» ይህንኑ አየር ይዟል። በሥዕሉ ላይ የፈካ አበባ የለም፤ ብዙዎቹ ዛፎችም ገና ቅጠል አልለበሱም። ወቅቱን የሚናገሩት የሚፈስሰው ውሃና ተራራውን የሚከፋፍለው ጉም ናቸው። ጉሙ የመጣው ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ባዶ ከቀረው ስፍራ ነው።

የአስኮ መስከረም

የእኛ አበባ የሚፈካው ግን ብርዱ ስለለቀቀ አይደለም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች ደጋ ስለሆነች ሙቀቷ በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ ወቅቱን የሚለየው ዝናቡ ነው። ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን የወጣው የዝናብ መቀነት ከሰኔ ጀምሮ ያዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፤ በመስከረም ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። መሬቱ ውሃ እንደጠገበ ፀሐይ ሲወጣ አደይ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል።

ሆኖም መስከረም 1 ክረምቱ አልወጣም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚፈጸመው መስከረም 25 ነው፤ የአበባው ወቅት፣ ዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ለ40 ቀን ይቆያል። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ ከፀሐይዋ አጠገብ ጥቁር ደመና ቢኖር ትክክለኛ ነው።

አየሩና እጁ

ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው በጠራ የመስከረም ቀን ከአስኮ በስተ ምዕራብ ያለው ወጨጫና በስተ ምሥራቅ ያለው እንጦጦ ጠርዛቸው በግልጽ ይታያል። ለዚህ አየር የሚስማማው ደማቅ ቢጫ፣ ጥልቅ አረንጓዴና የጠራ መስመር ነው፤ ልጆቻችንም የሚሥሉት እንደዚሁ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ሣሩ ይገረጣል፤ በጠራ ሌሊትም ውርጭ ይወርዳል። ያኔ የሚሥል ልጅ ወደ ወርቃማና ቡናማ መሄድ አለበት። በሐምሌ ተራራው በጉም ሲሸፈን ደግሞ የጉዎ ሺ ዘዴ ለአስኮም ይሠራል፤ ቅርቡን አድምቆ፣ ሩቁን አሳስቶ፣ መሀሉን ባዶ መተው ነው።

ዛሬ ታትመው የሚሸጡ ካርዶች የልጆቹን እጅ እየተኩ ነው። የታተመ ካርድ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ መውጣቱን ወይም መዘግየቱን ሊነግረን አይችልም። ልጁ ግን ከመሣሉ በፊት ወጥቶ ደመናውን፣ ተራራውንና አደዩን ቢያይ፣ ከሥዕሉ ጀርባም ቀኑን ቢጽፍ፣ የሰፈሩን አየር መዝግቦ አስቀመጠ ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች እነዚህን ሥዕሎች በየዓመቱ ቢያስቀምጡ፣ ሥዕልንና የአየር ዕውቀትን በአንድ ላይ የሚያስተምሩበት የራሳቸው መዝገብ ይኖራቸዋል።